የአባቴ ፈረስና የእንጅባራው ክፍት መድረክ

ባለፈው እሑድ ወንበር ላይ ቆሜ የተቃጠለ አምፖል ስቀይር ስልኬ ጠራ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ቤት ሳበራ ውዬ የራሴ ሳሎን ጨለማ ሆኖ መሰንበቱን ባለቤቴ ለዳንግላ ሰው ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። እጄ ስላልተመቸ ልጄ ሕሊና ስልኩን አነሣችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የደወለው አባቴ ነበር። አባቴ ሲደውል «ሃሎ» አይልም፣ «እንዴት ዋላችሁ» አይልም፤ መስመሩ እንደተገናኘ ይጀምራል።

«ድንቹ ደርሷል በለው። ሲመጣ ጆንያ ይዞ ይምጣ በለው። ደግሞ የሰው ጣሪያ ላይ ሲወጣ እግሩን ይየው በለው።»

ይህን ብሎ ዘጋው።

ሕሊና ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። «አባዬ፣ አባባ አጠገብ ማን አለ?»

«ማንም የለም።» እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ምግብ የምትሠራለት የእኅቴ ልጅም እሑድ እሑድ አትመጣም።

«ታዲያ ‹በለው› የሚለው ማንን ነው?»

ነገሩ ረጅም እንደሆነ ነገርኋት። እሷም አጠር አድርጌ እንድነግራት አዘዘችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ስለሆነ ሁሉ ነገር አጭር እንዲሆንላት ትፈልጋለች። ለሷ አሳጥሬ የተናገርሁትን እዚህ ሳልቸኩል ልጻፈው፤ ምክንያቱም የነገሩ ጣዕም ያለው በመንገዱ ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርሁ ጎረምሳ ነበርሁ። የቤተሰቦቼ ቤት ከዘንገና ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ወርደው በእግር ተጉዘው የሚደርሱበት ቦታ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው ጉም ገብሱንም ቤቱንም አንድ ላይ ሸፍኖ ያረፍዳል። አባቴ ድንችና ገብስ ያመርታል፤ ንብ ያንባል። ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጥበት ግን መከታ የሚባለው ፈረሱ ነበር። መከታ መልኩ ቀላ ያለ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ እኛ ዘንድ ቦራ የሚባለው ነጭ ምልክት አለበት። በአዊ አገር ፈረስ የሌለው አባወራ ይገኛል፤ ስለ ፈረስ የማያወራ አባወራ ግን እኔ አላየሁም። ሠርግ ሲሆን ፈረስ ነው፣ ለቅሶ ሲሆን ፈረስ ነው፣ ጥር ላይ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ፈረስ ብቻ ይሆናል። አባቴ መከታን በቀይና በቢጫ ክር አስጊጦ ሲወጣ ከኛ ከልጆቹ ይልቅ እሱን የወለደ ይመስል ነበር።

ዳንግላ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሬ ከጨረስሁ በኋላ ሥራ ጠፍቶ ቤት ተመልሼ ነበር። ሥራ ፈት ሰው ሐሳብ አያጣም፤ የኔ ሐሳብ ባጃጅ ነበር። እንጅባራ ከተማ ውስጥ ባጃጅ የሚነዱ የክፍል ጓደኞቼ ጫማቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነበርና በዚያ ቀናሁ። አንድ ማታ ራት እየበላን አፌን ሞልቼ እንዲህ አልሁ፦

«አባ፣ መከታን ብንሸጠውና ባጃጅ ብንገዛ ምን ይመስልሃል? ባጃጅ ገብስ አይበላም።»

እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። አባቴ ጠላውን አስቀመጠ፣ አፉን በእጁ ጠረገ፣ ተነሥቶ ወጣ። የመከታ ጋጣ ከቤታችን ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለነበር የሚናገረው ሁሉ ይሰማል። በአገውኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ፈረሱን «ሰማኸው?» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እኔን ማናገር አቆመ። ቃል አጥቶ ግን አይደለም፤ ቃሉን ሁሉ ለፈረሱ አደረገው። ጠዋት ስወጣ «መከታ፣ ያ ልጅ ጋቢ ይደርብ በለው፤ ጉሙ አልተገፈፈም» ይላል። የጎረቤት ጥጃ ማሳ ሲገባ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያለ አንገቱን ወደ ጋጣው መልሶ «መከታ፣ ዓይን ካለው ያን ጥጃ ይመልስ በለው» ይላል። ቤት ውስጥ ከሆንን ወደ ግድግዳው ዞሮ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ለመደችው። እኔ አልለመድሁትም። ሰው ከአባቱ ቤት በስድብ ቢባረር መንገድ ይጀምራል፤ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔን ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አላባረረኝም። የምመልሰውም ለማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ለፈረሱ ልመልስ ሞክሬ አፍሬ ተውሁት።

ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነን ኖርን። በመሃሉ እንጅባራ የገመድ ዝርጋታ ሥራ አገኘሁና ከጓደኛዬ ከታደለ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። ታደለ ዝምታ የሚያሳክከው ዓይነት ሰው ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ሳለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ማንም ሰው ተነሥቶ ማይክ ጨብጦ ሕዝብ ሲያስቅ አይቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ እንጅባራም ኦፕን ማይክ ያስፈልጋታል እያለ አላስተኛ አለኝ። አንድ ምሽት ቅቅል ድንች በአዋዜ እየበላን የአባቴንና የመከታን ነገር በአባቴ ድምፅ እያስመሰልሁ ነገርሁት። ታደለ ሳቀ፣ ድንቹ አነቀው፣ ውኃ ጠጥቶ እንደገና ሳቀ። ለሱ ቀልድ ነበር። ለኔ ግን ስለዚያ ነገር ለሰው ያወራሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ ከደረቴ አንድ ነገር ቀለል ሲልልኝ ተሰማኝ።

በሳምንቱ መናኸሪያው አጥር ላይ በትልልቅ ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ አየሁ። «ክፍት መድረክ፤ ማንም መጥቶ የልቡን ይናገር» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ቀልደኛ ልየው ከዘንገና» የሚል አለ። ልየው እኔ ነኝ።

ሮጬ ታደለን ያዝሁት። «ማን ጻፍ አለህ?»

«አንተን ብጠይቅህ እምቢ ትል ነበር» አለኝ፣ ሥራ ያቀለለልኝ ይመስል።

«አጥፋው።»

«የዘይት ቀለም ነው፤ አይጠፋም።»

ከዚያ በኋላ መውጫ አልነበረኝም። ገመድ ልዘረጋ የገባሁበት ቤት ሁሉ «አንተ ነህ እንዴ ቀልደኛው?» ይሉኛል። ዳቦ የምትሸጥልኝ ሴት ሳትቀር ቅዳሜ ከነልጆቿ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ታመምሁ ልበል ብዬ አሰብሁ፤ ግን የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ታደለን ማታለል አይቻልም። ሌሊት ሌሊት ቀልዶቼን በልቤ ስደግም ከአባቴ ነገር ሌላ የሚያስቅ አንድም እንደሌለኝ እየገባኝ መጣ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወሩ መስከረም ሊያልቅ ነበር፤ ሌላው አገር ክረምቱ ወጥቶለታል። እንጅባራ ላይ ዝናብ የቀን መቁጠሪያ አያነብምና ገና ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ያወርደው ጀመር። አዳራሹ የወጣት ማዕከል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ቀርከሃ። በዚያው አዳራሽ ጠዋት የአካባቢው ፈረሰኛ ሽማግሌዎች ለጥር ወር ግልቢያ ሊመክሩ ተሰብስበው ነበር። ስብሰባቸው አልቋል፤ ግን ዝናቡ አላስወጣ ስላላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከነዱላቸው የፊተኛው ረድፍ ላይ ቀርተዋል። ታደለ ለስላሳና ዳቦ አቀረበላቸው። በኋላ ሲነግረኝ «ዕድለኞች ነን፤ የፊት ወንበር ሞላልን» ብሎ ነበር።

መድረኩ በሳንቃ የተሠራ ነው። ከኋላው በር የለውም፤ መውረጃው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ እሱም በቀጥታ የሽማግሌዎቹ ጉልበት ሥር ይወርዳል። ይህን ዓርብ ማታ ማይኩን ስዘረጋ አይቼ ነበር፤ ያኔ ግን ለኔ ጉዳይ አልመሰለኝም። ተራዬ ሲቃረብ መብራት እንዲጠፋ ስጸልይ ራሴን ያዝሁት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ እንዲህ ያለ ጸሎት ማድረሴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ብልጭ ድርግም እንኳ ሳይል ዋለ።

አንድ ተስፋ ግን ነበረኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲህ ሲደበድበው ከኔ በፊት ግጥም ያነበበችው ልጅ አንድ ቃሏ አልተሰማም። ዋሽንት የነፋው ልጅም ጣቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየነው። የኔም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይተው ያጨበጭቡልኛል፣ እወርዳለሁ ብዬ ተጽናናሁ። ታደለ ስሜን ጠራ። ደረጃውን ወጥቼ ማይኩን ስጨብጥ ዝናቡ ድንገት ቆመ። አዳራሹ ውስጥ የራሴ ትንፋሽ ይሰማኝ ጀመር።

 ስለ ታደለ ምግብ አሠራር ያዘጋጀሁትን ቀልድ ተናገርሁ። አንድ ሰው አስነጠሰ። ስለ ሚኒባስ ረዳቶች ሌላ ጨመርሁ። ዳቦ የምትሸጠው ሴት ልጇን «እየቀለደ ነው» ብላ ስታስረዳው ሰማሁ።  ወደ ደረጃው አየሁ፤ እዚያ ያለው ጉልበትና ዱላ ነው። ስለዚህ የቀረኝን ብቸኛ ነገር ያዝሁ፦ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ በአባቴ አገውኛ ፈረስ አናገርሁ።

ከኋላ ያሉት ወጣቶች ሳቁ። ጋቢ ይደርብ በለው ያለውን ስናገር ሳቃቸው ወደ መሃል መጣ። የጥጃውን ነገር ስጨምር አዳራሹ ሞቀ። ያን ሙቀት ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም፤ ደግ ነገርና መጥፎ ነገር የምትለይበትን ጭንቅላት ነው የሚወስደው። ከዚያ በፊት ለማንም ያላወጣሁትን፣ ለብቻዬ ስሆን የምፈራውን ነገር አወጣሁት።

«አባቴ ኑዛዜውንም ለፈረሱ ነው የሚነግረው። መሬቱን ለማን እንደተወ ማወቅ ስፈልግ ጋጣ ገብቼ መከታን ልለምን ነው። እሱ ደግሞ ባጃጅ ያልሁትን አልረሳም።»

ወጣቶቹ ወንበር እየደበደቡ ሳቁ። የፊተኛው ረድፍ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሰው አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡኝ ነበር። አመስግኜ ልወርድ ስል ከመሃላቸው አንዱ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። ኋላ እንዳወቅሁት አያ ቢተው ይባላሉ፤ በፈረስም በሽምግልናም ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው።

«ቆይ ልጄ፣ አትውረድ» አሉኝ። «የማን ልጅ ነህ?»

ሕዝቡ የቀልዱ ክፍል መስሎት ሳቀ። እኔ ማይኩን ከአፌ አራቅሁት።

«ፈረሱ ዳማ ነው?»

«አዎ፣ አያ።»

«ግንባሩ ቦራ?»

ጉድ መፍላቱ የገባኝ ያኔ ነው። ሽማግሌ ሲጠይቅ ግን አይዋሽም። «አዎ» አልሁ። አያ ቢተው አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዞሩና የአባቴን ስም ጠርተው «የፈንታ ፈረስ ነው» አሏቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የኔን ፊት የሚያውቅ ሽማግሌ አልነበረም፤ የመከታን ግንባር የማያውቅ ግን አንድም አልነበረም።

«አያ ቢተው፣ ቀልድ እኮ ነው» አለ ታደለ ከጥግ።

«ቀልዱን ሰምተናል» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አሁን ነገሩን ይንገረን።»

እኛ አገር ሰው በጉባኤ መካከል ቆሞ በአባቱ ወይም በወንድሙ ላይ ያለውን ቅሬታ ሲናገር ጨዋታ ማሳመሩ አይደለም፤ አስታርቁኝ ማለቱ ነው። ያን የሰማ ሽማግሌም እንዳልሰማ ሆኖ ጋቢውን አራግፎ ቤቱ አይገባም፤ ነውር ነው። ለነአያ ቢተው ማይኩም፣ የታደለ ማስታወቂያም፣ ከኋላ ያለው ሳቅም ይህን አይለውጠውም። አንድ ልጅ መድረክ ወጥቶ አባቴ አያናግረኝም፣ ኑዛዜውንም አልሰማም ብሏል፤ ከዚህ የባሰ አቤቱታ ምን አለ?

እንዴት እንደተያዝሁ ላስረዳ። ውሸት ነው ብል የአባቴን ስም ባደባባይ በውሸት አጉድፌያለሁ፤ የሰሙትም እንደሱው ፈረሰኞች የሆኑ እኩዮቹ ናቸው። እውነት ነው ብል ፈንታ ልጁን የማያናግር ክፉ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው። አንዱም በር አባቴን ሳይነካ አይከፈትም። ደረጃው ደግሞ ጉልበታቸው ሥር ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ሳንቃውን አየሁት፤ ዓርብ ማታ ራሴ በሚስማር አጥብቄው ስለነበር ንቅንቅ አይልም።

እውነቱን ተናገርሁ። ሁለት ዓመት ሊሆነው እንደሆነ፣ በምን እንደተጀመረ፣ ቤት ስገባ አፌን የምከፍትበት እንደሚጠፋኝ ነገርኋቸው። ማይኩን ማጥፋት ስለረሳሁ ያን ሁሉ አዳራሹ በሙሉ ሰማ።  ታደለ ቀጣይዋን ዘፋኝ ሊጠራ ቢሞክር አያ ቢተው «ትቆየን» አሉት፣ ተነሥተውም ማይኩን ከእጄ ወሰዱ። ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ ደንግጠው ወደ ኋላቸው አዩና ሕዝቡ ሳቀ። ያለ አንድ ቀልድ ከኔ የበለጠ አሳቁ።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ ወደ ፈንታ እንሄዳለን» አሉ በማይኩ። «አንተም አብረህ ትሄዳለህ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለኔ አልነበረም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ሄድሁ። ዳንግላ ደርሼ ጥቂት ብሰወር ነገሩ ይረሳል ብዬ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮት ዳር ያዝሁ። እንደምታውቁት ሚኒባስ ካልሞላ አይሄድም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል፤ ያ አንድ ሰው ግን በዚያ ጠዋት ወደ ዳንግላ ጉዳይ ያለው አልተገኘም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሞጣ ያለች እኅቷን ታሪክ ጀምራ ጨረሰችው። ፀሐይ ወጣች። ከዚያ መስኮቱ በዱላ ጫፍ ኳ ኳ ተደረገ።

አያ ቢተው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ከኋላ ናቸው። «ቦታ ያዝህልን ልጄ?» አሉኝ። «መንገዱ ግን በዚህ አይደለም። የጥሊሊው መኪና ያ ነው።»

ወረድሁ። ረዳቱ አሁን ሁለት ሰው ብሎ መጮኽ ጀመረ።

የጥሊሊውን ሚኒባስ ይዘን ዘንገና አጠገብ ወረድንና በእግር ሄድን። የዝናቡ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በዱላ እየተደገፉ ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ባህር ዛፉ፣ ስለ ሰው ፈረስ ያወራሉ፤ ስለኔ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊሸኙኝ ወይ ሊቀብሩኝ እንደሆነ ከሁኔታቸው መለየት አልቻልሁም። ሐይቁ በዛፎቹ መሃል ብቅ ሲል ወደ ኋላ ቀረት አልሁ። የሚያስፈራኝ የአባቴ ቁጣ አልነበረም፤ አለመቆጣቱ ነው። ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግዶ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ እነሱ ሲሄዱ ወደ ጋጣው ዞሮ «እኔን ሊያሳጣኝ ሰው ሰበሰበ በለው» ቢል ከዚያ ቤት ለዘላለም እንደወጣሁ ነበር የምቆጥረው።

አባቴን ደጅ ላይ መከታን እያሻሸ አገኘነው። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ገባው፤ እንደዚያ ሦስት ሆኖ በእሑድ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ይታወቃል። የቀርከሃ አግዳሚ አወጣላቸው። እናቴ ትኩስ ድንችና ጠላ አቀረበችና በር ላይ ቆመች። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ማንም ተቀመጥ አላለኝም።

አያ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠርገው አዳራሽ ውስጥ የተናገርሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ይደግሙት ጀመር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ቀልዴን በሽምግልና ቃል ነው የደገሙት። «ልጁ አባቴ ጋቢ እንድደርብ በፈረሱ በኩል ያዘኛል አለ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ሳቀ። ቀጥሎ የጥጃውን አነሣ። እዚህም ላይ ሳቁ።» አባቴ የመከታን ጋማ እየዳበሰ ያዳምጣል። ኑዛዜው ላይ ሲደርሱ እጁ ቆመ። እኔ የማየው የኮቱን ጀርባ ብቻ ነበር።

«ሰው ሳቀ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳቀ» አሉ አያ ቢተው።

«በኔ ነው በፈረሱ?»

«በሁለታችሁም።»

አባቴ ትንሽ አሰበና ወደ መከታ ዞረ። «አያ ቢተው ሲሉት አያስቅም። ራሱ እንዳለው አድርጎ ይበለው በለው።»

የትናንቱ መድረክ ምንም አልነበረም። አሁን ከፊቴ ያሉት አባቴ፣ እናቴ፣ ሦስት ሽማግሌዎችና የቀልዱ ባለቤት ፈረስ ናቸው። ማይክ የለም፤ ዞሬ የማመልጥበት ግድግዳም የለም። እምቢ ማለት አይቻልም። ጭቃው ላይ ቆሜ ጀመርሁ። ባጃጁን ተናገርሁ፣ ጋቢውን፣ ጥጃውን፤ ድምፄን እያወፈርሁ፣ አንገቴን ወደ ጋጣው እየመለስሁ። ኑዛዜውንም አልዘለልሁትም። ማንም አልሳቀም። መከታ ጆሮውን ያንቀሳቅሳል። ስጨርስ እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ሰው እንዳያይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

አባቴ ዞረ። ዓይኔን ፍለጋ ጎንበስ አለና፦

«ድምፄ እንዲህ አይደለም» አለኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ለኔ ለራሴ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። 

አያ ቢተው ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «እንግዲህ ፈንታ፣ አሁን ለማን ተናገርህ?»

«ለሱ ነዋ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉስ?»

አባቴ እንደማያውቃቸው ሰዎች አያቸው። «ሁለት ዓመት ሙሉስ ለማን ስናገር የከረምሁ መሰላችሁ? ፈረስ ቃል ያደርሳል? ጋቢ ይደርብ በለው ስል መከታ ሊያለብሰው ነበር?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ማታ እንሽጠው ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ቃል ክፉ ነበር። ፊት ለፊት ብናገረው ኖሮ ከወጣ በኋላ አይለቀምም። ስለዚህ ይኸን ፈረስ መሃላችን አቆምሁት። እናንተ ለሽምግልና ዛሬ መጣችሁ። እሱ ሥራውን ከጀመረ ቆይቷል።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እኔንስ ማን ይጠይቀኝ» አለች እናቴ ከበሩ፣ «ከፈረስ እኩል ቆሜ ስሰማ የኖርሁትን።» አያ ቢተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዱላቸውን ይዘው ሳቁ።

«በሉ እንግዲህ፣ ለኛ የተረፈ ሥራ የለም» አሉ። «ድንቹ ሳይቀዘቅዝ እንብላ።»

ያም ሆኖ ሥርዓቱ አልቀረም። የአባቴን ጉልበት ሳምሁ፤ እሱም መረቀኝ። ምርቃቱን ሲጨርስ «ተነሥ፣ ሱሪህን ጭቃ ነካው» አለኝ። ከዚያ ድንች እየላጥን ስለ ጥር ግልቢያ ሲያወሩ ዋሉ።

ታደለ በሚቀጥለው ወር ክፍት መድረኩን እንደገና ከፈተ። በፊተኛው ረድፍ ሽማግሌዎቹን ተቀምጠው አገኛቸው፤ መድረክ ላይ ደግሞ በወሰን የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘጋው። ቀልደኛ የሚለው ስሜ ግን የመናኸሪያው አጥር እስኪፈርስ ድረስ እዚያው ነበር፤ ታደለ ስለ ዘይት ቀለም የተናገረው እውነቱን ነው።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ፊት ለፊት ያናግረኝ ጀመረ ብል ደስ ባለኝ። አልሆነም። አንዳንድ ጊዜ ያናግረኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በልማዱ በመከታ በኩል ይልክብኛል። ልዩነቱ እኔ ለኔ እንደሚናገር አውቄ መስማቴ ነው። መከታ አርጅቶ ሲሞት አባቴ ቀኑን ሙሉ አፉን አልከፈተም፤ ማታ ላይ ባዶውን ጋጣ እያየ «ያ ልጅ ራቱን ይብላ በለው» አለ። እኔም በላሁ። ያኔ በዚያ መድረክ ላይ ባልያዝ ኖሮ፣ ያ ሚኒባስ ሞልቶ ቢሆን፣ ዛሬም እንደማያናግረኝ ነበር የማስበው። ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ እንኳ በሕይወት የለም፤ ለማን እንደማመሰግን አላውቅም።

ሕሊና ይህን ሁሉ ባጭሩ ከሰማች በኋላ፣ «ታዲያ አሁን ፈረሱ የለም» አለች። «መሃል ያለው ማነው?»

 አምፖሉን አጠበቅሁና መብራቱን አብሪው አልኋት፤ በራ። እሷ ግን ስልኩን አንሥታ ለአያቷ መልሳ ደውላ ነበር። እንደ ቅድሙ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የአባቴ ትንፋሽ ይሰማል፤ የሚናገር ግን የለም። ሕሊና ወደኔ አየች፣ ምን ልበለው በሚል።

ከወንበሩ ሳልወርድ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ፦

«ቅዳሜ እንመጣለን በይው። ጆንያም አንረሳም በይው» አልኋት።

ልትናገር አፏን ስትከፍት ከስልኩ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ሰምቻለሁ በይው» አለ አባቴ።